የውሻ ወጌሻ

አባዬ ሻምበልን ሊያስገድለው መሆኑን የነገረን ሰኞ ጠዋት ነው፤ ያውም የሆቴል አንሶላ እያጣጠፈ። ድምፁን እንኳን ዝቅ አላደረገም። «ዶክተሯን አናግሬያታለሁ፤ ቅዳሜ መጥታ መርፌውን ትወጋዋለች። በቃ፣ ይረፍ» አለና የአንሶላውን ጫፍ «ያዥ» ብሎ ዘረጋልኝ።

እኔም ያዝኩ! እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። እንደዚህ ዓይነት ነገር ተነግሮኝ እኔ ቆሜ አንሶላ አጣጥፋለሁ። አንዴ አጠፍን፣ ሁለቴ አጠፍን፣ ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ነው ነገሩ ጭንቅላቴ ውስጥ የገባው።

«አይሆንም» አልኩ።

«ምኑ?»

«ሻምበል። አይወጋም።»

ቆይ፣ ሻምበልን ሳላስተዋውቃችሁ። ሻምበል ውሻችን ነው። ቡናማ ነው፣ ደረቱ ላይ ነጭ አለው፣ አንድ ጆሮው ቀጥ ብሎ አንዱ የታጠፈ። ማዕረጉን ማን እንደሰጠው አላውቅም። የዛሬ አስራ ሁለት ዓመት፣ እኔ ገና ስድስት ዓመቴ ሆኖ፣ አንዲት ሴትዮ ለአጠባ መጋረጃ አመጣች። ጥቅሉን ስንፈታው መሃሉ ላይ ቡችላ ተኝቷል። ሴትዮዋ በዛው ቀረች። መጋረጃውም ውሻውም ሳይወሰዱ እኛ ጋ ከረሙ፤ መጋረጃው አሁን የአክስቴ መስኮት ላይ ነው።

ላውንደሪ ነው ያለን። ከፊት ልብስ መቀበያው፣ ከሱ ኋላ ማሽኖቹና የካውያ ጠረጴዛው፣ ከዛ ጓሮው፣ ከጓሮው ወዲያ እኛ የምንተኛባቸው ክፍሎች። ስለዚህ ሻምበል ከበር እስከ መኝታችን ቀኑን ሙሉ የሚረግጠው ሲሚንቶ ነው፤ ሲሚንቶው ደግሞ ሁሌ እርጥብ ነው። ካለፈው ብርድ ጀምሮ የኋላ እግሮቹ ከዱት። ሊነሳ ሲል ያንሸራትተዋል፣ ቁጭ ይላል፣ እንደገና ይሞክራል፣ ያቃስታል። ድሮ የትልቁ ደንበኛችን የሆቴሉ መኪና ጡሩንባ ሲያሰማ ሾፌሩን መኪናው ጣሪያ ላይ የሚያስወጣ ውሻ፣ አሁን ጡሩንባ ሲሰማ ጆሮውን ብቻ ያነሳል። ያውም አንዱን።

አባዬ አንሶላውን አስቀመጠው። «አንቺ ልጅ፣ ደስ ብሎኝ የማደርገው መሰለሽ? ጎህ ሲቀድ ማሽን ላስነሳ ስወጣ ሲያቃስት የምሰማው እኔ ነኝ። አንቺማ ያን ጊዜ ብርድ ልብስሽ ውስጥ ነሽ።»

«አንተስ ከወንበር ስትነሳ ወገቤን ብለህ ታቃስት የለ? እና መርፌ እንውጋህ?»

«አንቺ!» አለች አክስቴ። አክስቴ የአባዬ እህት ናት፣ ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ ዋና ስራዋም «አንቺ!» ማለት ነው። ከካውያው ጠረጴዛ ኋላ ደግሞ ጋሽ ካውያ በእንፋሎቱ መሃል ሲስቅ ይሰማኛል። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ልብስ ሲተኩስ የኖረ ሰው ነው፤ እኔንም «ራዲዮ» የሚለኝ እሱ ነው፣ ስለማልዘጋ።

ደግነቱ የእንስሳት ዶክተሯ «ውሻውን ሳላይ አልወጋም» ብላው ኖሮ የዛኑ ቀን ከሰዓት በሞተር ሳይክሏ መጣች። ቀጠን ያለች፣ ጫማዋ ጭቃ የለበሰ፣ የማትቸኩል ሴት ናት። እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ተንበረከከችና ሻምበልን ከአንገቱ ጀምራ በጣቶቿ እየዳበሰች ወደ ኋላ ሄደች፤ ቀስ፣ ቀስ፣ ልክ የጠፋ ሳንቲም ኪስ ውስጥ እንደሚፈልግ ሰው። ዳሌው ጋ ስትደርስ ዞር ብሎ አያት። አልነከሰም። አያት ብቻ።

«እዚህ ነው» አለች። «የዳሌው መገጣጠሚያ አርጅቷል። ለህመሙ ምን ስትሰጡት ነበር?»

አባዬ ጫማውን አየ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ለካ ስድስት ወር ሙሉ «ውይ፣ አሳዘነኝ» ስንል ነው እንጂ አንዳችንም ምንም አልሰጠነውም።

«እኔ አንዳንዴ ነጭ ሽንኩርት በዳቦ አድርጌ...» አለች አክስቴ።

«ኧረ በፈጠረዎት! ለውሻ መርዝ ነው!»

አክስቴ ክው አለች። ለሷ ነጭ ሽንኩርት ከጉንፋን እስከ ትዳር ሁሉን ያስተካክላል። ጋሽ ካውያ ይሄን አይቶ አልተማረም፤ ከኪሱ ትንሿን ቆርቆሮ አወጣ፣ ያቺን አፍንጫ የምታቃጥል ቅባት። «ይቺን ብናሸውስ? እኔን ትከሻዬን ያቆመችኝ እሷ ናት።»

«ይልሰዋል፣ ከዛ ሆዱን ያመዋል። የሰው ኪኒንም እንዳትሰጡት፤ የሰው ማስታገሻ ውሻ ይገድላል።» ከዛ ወደ አባዬ ዞረች። «እኔ መርፌውን ለመውጋት ችግር የለብኝም። ሲያስፈልግ እወጋለሁ። ግን ይሄ ውሻ ገና ምንም አልተሞከረለትም።»

«ምን ይሞከራል ዶክተር? እርጅና ነው።»

«እርጅናውን አላድነውም። ህመሙን ግን ማቅለል ይቻል ይሆናል። ዋናው ኪኒን ነው፣ የውሻ፣ በየቀኑ። ከሱ ጎን ደግሞ አጋዥ ነገሮች አሉ። ሙቅ ፎጣ። ማሸት። አጭር አጭር የእግር ጉዞ። የማያንሸራትት ወለል። ትንሽ ክብደት መቀነስ። እኔ ደግሞ ቀጫጭን መርፌ እተክልለታለሁ፤ አኩፓንቸር የሚሉት። አንዳንዱን ይረዳዋል፣ አንዳንዱን ምንም አያደርገውም። ቃል አልገባም።»

«ለውሻ ማሸት!» አለ አባዬ። «ሰው የሚያሸው አጥቶ!»

«እኔ አሸዋለሁ» አልኩ። ማሸት ምን እንደሆነ የማውቀው ነገር አልነበረም፤ አፌ ቀደመኝ። አፌ ሁሌ ይቀድመኛል። «እስከሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ስጠኝ አባዬ።»

አባዬ ሻምበልን አየው። ሻምበልም አየው። «እሺ» አለ በመጨረሻ። «የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ። ለውጥ ከሌለ ያን ቀን ወሬ የለም፣ ለቅሶ የለም፣ ራዲዮም የለም።»

እኔ ግን ቃል ብቻ አልበቃኝም። ወደ መቀበያው ሮጬ የደረሰኙን ጥራዝ አመጣሁና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ የደንበኛ ስም፣ ሻምበል። የዕቃው ዓይነት፣ ውሻ። ብዛት፣ አንድ። የሚወሰድበት ቀን፣ ቅዳሜ። «ፈርም» አልኩት። እኔን ለመገላገል ብሎ ፈረመ። ማህተሙን እኔ መታሁበት። ደረሰኙን የስልኬ መሸፈኛ ውስጥ ከተትኩት።

ዶክተሯ ኪኒኑን ሰጥታ፣ ሁለት ነገር አሳይታኝ ሄደች። አንደኛ፣ ፎጣው ሲሞቅ መጀመሪያ የእጄን አንጓ በውስጥ በኩል እንዳስነካው፤ እኔን ካቃጠለኝ እሱን አይንካው። ሁለተኛ፣ አጥንቱን ሳይሆን ዙሪያውን ያለውን ጡንቻ በመዳፌ ክብ ክብ እያደረግሁ እንዳሸው፣ ዞር ብሎ ካየኝ ወይም ከንፈሩን ከላሰ እንዳቆም። «እሱ ነው አለቃው» አለችኝ። «አንቺ አይደለሽም፣ እናቴ።»

ፎጣ እንደሆነ እኛ ጋ ሞልቷል። ሆቴሉ ያረጁበትን ፎጣዎች አይወስዳቸውም፤ ለማሽን መወልወያ ብለን ጆንያ ውስጥ እናስቀምጣቸዋለን። ከነሱ ስድስት መረጥኩ። ጠዋትና ማታ ማድረቂያው ውስጥ አሙቄ ዳሌው ላይ ጣል አደርግለታለሁ። የመጀመሪያ ቀን ፈራ። ሁለተኛ ቀን ጠረጠረ። ሦስተኛ ቀን የማድረቂያው በር ሲከፈት ሲሰማ ራሱ በጎኑ ተኛልኝ። አሮጌ ምንጣፎችና የተቀደደ የጎማ ንጣፍ ለቃቅሜ ከሚተኛበት ጥግ እስከ በሩ ድረስ መንገድ ዘረጋሁለት። ከዛ ትልቁ ጦርነት መጣ፤ ዳቦ። ለካ አክስቴ ጠዋት ትሰጠዋለች፣ ጋሽ ካውያ ምሳ ላይ፣ አባዬ ደግሞ፣ አዎ አባዬ፣ ማንም ሳያይ። በር ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፦ «ሻምበል በልቷል። ቢያታልላችሁም በልቷል።»

መሳቂያ ሆንኩ በቃ። ጋሽ ካውያ «ራዲዮ»ን ትቶ «የውሻ ወጌሻ» ይለኝ ጀመር፤ ስም ከሱ አፍ ከወጣ ደግሞ ሰፈር ይደርሳል። ሱፉን ሊወስድ የመጣው ጠበቃ፣ ያ ሆዱ ቀድሞት የሚገባው፣ መቀበያው ላይ ተደግፎ «ወጌሻ፣ ተራ ይያዛል እንዴ? እኔም ጉልበቴን ያመኛል» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

«መጀመሪያ ዳቦ ያቁሙ» አልኩት።

አክስቴ «አንቺ!» አለች። ግን እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የሳቀችው።

እኔስ ምን ቸገረኝ? ትምህርት ጨርሻለሁ፣ ነጥብ አልመጣልኝም፣ ዓመቱን ሙሉ ሰው የሚጠይቀኝ «ታዲያ አሁን ምን ልትሆኚ ነው?» የሚለውን ብቻ ነው። ቢያንስ አሁን መልስ አለኝ። የውሻ ወጌሻ።

አርብ ዶክተሯ ቀጫጭን መርፌዎቿን ይዛ መጣች። ጸጉር ነው የሚያክሉት። አባዬ የመጀመሪያዋን ሲያይ «ያልተቆጠረ ማንጠልጠያ አለኝ» ብሎ ጠፋ፤ እሱ መርፌ አይችልም፣ ደም ሲመረመር ራሱን የሳተ ሰው ነው። ሻምበል ግን ስምንት መርፌ ጀርባው ላይ ተተክሎ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ተኛ። አንኮራፋ። ጋሽ ካውያ ካውያውን ይዞ መጥቶ «ሞተ እንዴ?» አለ።

«ጋሼ፣ ማንኮራፋቱን አይሰሙም?»

«እኔማ ከማሽኑ ነው ብዬ!»

ዶክተሯ በየቀኑ እንድጽፍ አዝዛኝ ነበር። ከትምህርት ቤት የተረፈኝ ደብተር ላይ፣ ከኋላ በኩል፦ ጠዋት በስንት ሙከራ ተነሳ? ምግቡን ጨረሰ? ጭራው ተወዛወዘ? የመጀመሪያው ቀን ሰባት ሙከራ ይላል። አርብ አምስት። እሁድ አራት። ሰኞ ሦስት! ሦስቷን ሁለቴ አሰመርኩባት። ጭራ የሚለው ላይ «አዎ፣ ባልዲ ገለበጠ» ብዬ ጻፍኩ።

እና እዚህ ላይ ነው የጠገብኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ አበጠ። ማክሰኞ ጠዋት ኪኒኑን በእጄ ይዤ «ቆይ፣ ይሄን ያመጣው እኮ እጄ ነው» አልኩ ለራሴ። የኔ መዳፍ፣ የኔ ፎጣ። ኪኒን ምን ያደርግለታል? የኬሚካል ክምር። ስልኬ ላይ ያየኋት አንዲት ጸጉሯ የተንጨባረረ ሴትዮም «ተፈጥሮ ብቻ» ስትል ነበር። ኪኒኑን ወደ ብልቃጡ መለስኩት። ማንም አላወቀም።

ረቡዕ ጠዋት ሻምበል አልተነሳም።

በሦስትም በሰባትም አይደለም። ጭራሽ አልተነሳም። የኋላ እግሩን ይጎትትና ያቃስታል፣ ያቺን ድምፅ፣ አባዬ ጎህ ሲቀድ እሰማታለሁ ያላትን። እኔ ያን ቀን ነው በደንብ የሰማኋት። አባዬ ከላዬ ቆሞ ነበር።

ዶክተሯ ጋ ደወልኩ። ነገርኳት። «እጅሽ ጎበዝ ነው» አለች። «ግን እጅሽ ኪኒን አይደለም። ፎጣውም፣ የኔም መርፌ ኪኒን አይደለም። ተጋግዘው ነው የሚሰሩት አላልኩሽም? አሁኑኑ የዛሬውን ስጪው፤ የትናንቱን ለማካካስ ብለሽ ደርበሽ እንዳትሰጪው።»

ሰጠሁት። ከዛ ደብተሩን ከፈትኩ። ልንገራችሁ፣ ገጹን ልቀደው ነበር። ወይም «አራት ሙከራ» ብዬ ልጽፍ። ማን ያውቃል? ሻምበል አይናገር። ግን እሱ ሲያየኝ... እኔ እንጃ። ጥርሴን ነክሼ ጻፍኩት፦ «አልተነሳም። ትናንት ኪኒኑን አልሰጠሁትም። የኔ ጥፋት ነው። ጭራ የለም።»

ሐሙስ ጠዋት በአራት ሙከራ ተነሳልኝ። እፎይ ልል ስል ከሆቴሉ ስልክ ተደወለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላውንደሪ ውስጥ የሰው ልብስ እንዳይቀላቀል እያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ ክር አለው። በልብሱ ጥግ ላይ አንዲት ስፌት፦ የሆቴሉ ሰማያዊ፣ የጸጉር ቤቱ አረንጓዴ፣ የጠበቃው ቀይ። ያ የሻምበል ፎጣ ደግሞ ድሮ የሆቴሉ ነበር አላልኳችሁም? ክሩን መፍታት ነበረብኝ። አልፈታሁትም። ረሳሁት። ከሻምበል ላይ አንስቼ ለብቻው አጥቤ ገመድ ላይ ሰቀልኩት። ጋሽ ካውያ ሲያልፍ ሰማያዊ ክር አየ፣ አወረደ፣ ተኮሰ፣ አራት ማዕዘን አድርጎ ከሆቴሉ ፎጣ ጋር ደረደረ። ሰውዬው ምን ያጥፋ? ክሩ ነው ያዘዘው። የውሻ ጸጉር ደግሞ በአንድ እጥበት አይለቅም።

እና አንድ የሆቴል እንግዳ ፊቱን ታጥቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፎጣውን ፊቱ ላይ...

በቃ፣ ገብቷችኋል።

ሾፌሩ የሆቴሉን ፎጣ በሙሉ በአራት ጆንያ መልሶ መሬት ላይ ዘረገፈው። የሆቴሉ የፎጣ ክፍል ኃላፊ በስልክ ስትጮህ እኔ ማሽኖቹ ጋ ሆኜ ይሰማኛል። አባዬ ስልኩን እንደያዘ «ይቅርታ እመቤት፣ ይቅርታ» ይላል። አባዬ ለማንም እንደዛ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ከዛ ስልኩን በእጁ ሸፍኖ ወደኔ ዞረ፤ እሳት ነው የሚተፋው።

«በቃኝ! ለዶክተሯ እደውላለሁ። ነገ ጠዋት ይወጋል። ቅዳሜን አልጠብቅም!»

አፌ ቀደመ፤ ዘንድሮ አንድ ቀን ጠቀመኝ። ደረሰኙን ከስልኬ መሸፈኛ አውጥቼ ፊቱ ላይ ዘረጋሁት።

«ይሄ ፊርማ የማን ነው?»

«አንቺ ልጅ፣ ዞር በይልኝ።»

«ማህተሙስ? ቅዳሜ ብለህ ደረሰኝ የቆረጥክለትን ልብስ አንድ ቀን ቀድመህ ለሌላ ሰው አሳልፈህ ሰጥተህ ታውቃለህ? በሃያ ዓመት ውስጥ? አንድ ቀን?»

ጋሽ ካውያ ካውያውን እንደያዘ ደርቋል፤ አንድ ሸሚዝ ተቃጠለ፣ ሸተተን፣ ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። «ክር ያልፈታሁት እኔ ነኝ። ሻምበል ክር አይፈታም። እኔን ቅጣኝ። ፎጣውን በሙሉ ደግሜ አጥባለሁ፣ አንድ በአንድ በብርሃን እያየሁ። ቅዳሜ ግን ቅዳሜ ነው።» ብዬ ስልኩን ከእጁ ወሰድኩ። እንዴት እንደደፈርኩ አትጠይቁኝ፤ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ነው። «እመቤት፣ ልጁ ነኝ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ፎጣው የውሻችን ነበር።»

«ውሻ ፎጣ ምን ያደርግለታል?» አለች ሴትዮዋ።

«ዳሌውን ያመዋል። በሙቅ ፎጣ ነው የማስታግሰው።»

«እናቴም ዳሌዋን ያማታል» አለች፣ ቁጣዋ ግን አልወረደም። «ቅዳሜ ጠዋት ሾፌሩ ይመጣል። አንድ ጸጉር፣ አንዲት ጸጉር ካገኘሁ ሌላ ላውንደሪ አለ።» ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

አባዬን ቀና ብዬ አየሁት። «ቅዳሜ» አለ፤ አንዲት ቃል፣ እንደ ድንጋይ። ሄደ።

ሐሙስና አርብ ምን እንደሰራሁ ክንዴን ጠይቁት። እያንዳንዱን ፎጣ አጥቤ፣ አድርቄ፣ መስኮት ላይ ዘርግቼ አየሁ፣ በሚያጣብቅ ፕላስተር ጠራረግሁ፣ እንደገና አየሁ። አክስቴ ሳትጠራ መጥታ ከወዲያኛው ጫፍ ያዘችልኝ። «ነጭ ሽንኩርቱን አትንገሪ እንጂ ለማንም» ብቻ ነው ያለችኝ። በመሃል በመሃል እጄን ታጥቤ የሻምበልን ፎጣ አሞቃለሁ፣ አሸዋለሁ፣ እስከ በር አድርሼ እመልሰዋለሁ። ኪኒኑንም። አንድም ሳላዛንፍ።

ቅዳሜ ጠዋት ዶክተሯ መጣች። ሁለት ቦርሳ ይዛለች። አንዱን አውቀዋለሁ። ሁለተኛውን አላውቀውም፣ ግን አወቅሁት፤ የመጨረሻው መርፌ ያለበት ነው።

መጀመሪያ ደብተሩን ጠየቀች። አነበበችና ለአባዬ አቀበለችው። አባዬ መነጽሩን አደረገ። እየገለጠ ሄደ፤ ሰባት፣ አምስት፣ አራት፣ ሦስት። ረቡዕ ላይ ቆመ።

«ይሄን ለምን ጻፍሽው?»

«ስለሆነ።»

«ማንም አላየሽም እኮ።»

«ሻምበል አይቶኛል።»

አባዬ ደብተሩን አልዘጋም። የሆነ ነገር ሊል ነበር መሰለኝ፤ አላወቅሁም፣ ምክንያቱም ልክ ያን ጊዜ ከውጪ የሆቴሉ መኪና ጡሩንባ ጮኸ።

ሻምበል ጥጉ ላይ ነበር። ጆሮው ተነሳ። አንዱ። ከዛ ሌላኛውም፣ ያ የታጠፈው። የፊት እግሮቹን ተከለ፣ ገፋ፣ ዳሌው ተንቀጠቀጠ፣ ቁጭ አለ። እኔ ልሮጥ ስል ዶክተሯ ክንዴን ያዘችኝ። «ተይው።» ደግሞ ገፋ። ተነሳ! በሁለት! ከዛ በምንጣፉ መንገድ፣ ወገቡ ትንሽ ወደ ግራ እያጋደለ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ጓሮውን አቋርጦ፣ በማሽኖቹ መሃል አልፎ፣ በጋሽ ካውያ እግር ስር ሾልኮ በሩ ላይ ደረሰና ስድስት ወር ሙሉ ያጠራቀመውን ጩኸት በሙሉ ሾፌሩ ላይ ለቀቀበት።

ሾፌሩ «ኧረ ያዙልኝ! ሊሞት ነው አላላችሁም እንዴ!» ብሎ የመኪናው ኮፈን ላይ ወጣ።

ጋሽ ካውያ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። አክስቴ በቀሚሷ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። አባዬ... አባዬን አላየሁትም፤ እኔም የራሴን ዓይን እየጠረግሁ ነበር። ፎጣዎቹን ለሾፌሩ ራሴ ነኝ የጫንኩለት፤ ሻምበል እያንዳንዷን ጆንያ በጩኸት ሸኛት። ከሰዓት የሆቴሏ ሴትዮ ደውላ «ደህና ነው» ብቻ አለች። ከሷ አፍ ያ ብዙ ነው።

ዶክተሯ ሻምበልን ዳበሰችው። ዳሌው ጋ ስትደርስ ዞር ብሎ አያት፣ ግን ከበፊቱ ዘግየት ብሎ። «አልዳነም» አለች፤ በተለይ ለኔ። «ክፉ ቀን ይመጣል። ከሦስት ክፉ ቀን በላይ ተከታትሎ ከመጣ ትደውይልኛለሽ፤ ያኔ ደረሰኝ አታሳዪኝም። ተግባባን?»

«ተግባባን» አልኩ። እውነቴን ነው። ያ ቀን ሲመጣ መጀመሪያ የማውቀው እኔ ነኝ፣ የምደውለውም እኔ ነኝ። ግን አንሶላ እያጣጠፈ ማንም አይነግረኝም።

ሁለተኛው ቦርሳ ሳይከፈት ሄደ።

አባዬ መሳቢያውን ከፍቶ የክሩን ሳጥን አወጣ። ስድስቱን የሻምበል ፎጣዎች ጭኑ ላይ አድርጎ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ «ወገቤን» ብሎ። «ያልተያዘ ከለር የቱ ነው?»

«ጥቁር» አለ ጋሽ ካውያ።

አባዬ ሰማያዊውን ክር በምላጭ ፈታ፣ ጥቁሩን ሰፋ። አንድ በአንድ፣ ስድስቱንም። መርፌ የማይችል ሰው የስፌት መርፌ ላይ እጁ አይንቀጠቀጥም፤ ይገርማል። ቀና ሳይል «ያ ደረሰኝሽ ቀኑ ደርሷል፤ ሌላ ቁረጪ» አለኝ።

ቆረጥኩ። የደንበኛ ስም፣ ሻምበል። የዕቃው ዓይነት፣ ውሻ። የሚወሰድበት ቀን የሚለውን ባዶ ተውኩትና ሰጠሁት። አባዬ ባዶውን ቦታ አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ባዶውን አየ። ፈረመ።

እኔ ፎጣውን ላሞቅ ወደ ማድረቂያው ስሄድ ከፊት ለፊት የጠበቃው ድምፅ መጣ። «የውሻ ወጌሻዋ የለችም እንዴ ዛሬ? ይሄ ጉልበቴ እኮ...»

«አለሁ!» ብዬ ጮህኩ። «ተረኛ አለብኝ፤ ተራዎን ይጠብቁ!»